«ግላተን» ያልኳቸው እንግዳ

እህቴ፣ «መብላት የሚወድ እንግዳ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ዲክሽነሪ ላይ ግላተን የሚል አገኘሁ፤ ልጠቀምበት?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እንዳትሞክሪው! እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር አስተናጋጅ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሁለት ቆሮሶ ጥብስ አጥንቱን ብቻ አስቀርተው ጨረሱና የአሳ ሾርባ ደገሙ። እንዲህ የሚበላ ሰው ሲገኝ ደስ አይልም? ላሞግሳቸው ብዬ «ዩ አር ኤ ግላተን» አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ። ባለቤታቸው ግን ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ለካ ያልኳቸው «ሆዳም» ነው! ቃሉ የመጣው መዋጥ ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በምዕራብ ክርስቲያኖች ዘንድ «ግላተኒ» ከሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች አንዱ ነው። አስቢው፣ ሾርባ እያቀረብኩ ኃጢአተኛ ነህ ማለቴ እኮ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አያለሁ፤ ቃሉ ስለ ጣዕም ነው ወይስ ስለ ብዛት? ስለ ጣዕም ከሆነ ደህና ነው። «ፉዲ» ምግብ አሳድዶ የሚቀምስ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ቃል ስለሆነ ወጣቶቹ ራሳቸውን ይሉበታል፤ ትልልቆቹ የልጅ ቃል ይመስላቸዋል። «ጉርሜ» ከበድ ይላል፤ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ የሚያውቅ ማለት ነው። ከሱ ጋር የሚምታታውን «ጉርማንድ»ን ግን ተጠንቀቂው። አንዱ ሙገሳ ሲለው ሌላው ጠግቦ የማያውቅ ይለዋል። «ኤፒኪዩር» የሚባልም አለ፣ የመጽሐፍ ቃል ነው። ከግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩሮስ ስም ነው የተወሰደው። የሚገርመው፣ ሰውየው በዳቦና በውኃ የሚረካ ነበር ይባላል።

የብዛት ቃላቱ ናቸው የሚያጣሉት። «ግሪዲ» እኛ ገንዘብ ላይ ስግብግብ ለምንለው ብቻ ይመስለናል፤ እንግሊዞች ግን ኬክ ደጋግሞ ለሚያነሳ ልጅም ይሉታል። «ፒግ» ያው አሳማ ነው፣ አታንሺው። ግን እንግዳው ራሱ ብዙ በልቶ «አሳማ ሆንኩ» ብሎ ሲስቅ ትሰሚያለሽ። እሱ ስለራሱ ማለት ይችላል። አንቺ «የስ፣ የስ» ብለሽ ከተቀበልሽው ግን አለቀልሽ። እኛስ «ዛሬ ሆዳም ሆንኩ» እንል የለ? አስተናጋጁ «አዎ» ቢለን ዝም እንለው ነበር?

«ስዊት ቱዝ» ምንም ችግር የለውም፤ ቃል በቃል «ጣፋጭ ጥርስ» ቢሆንም ጣፋጭ ወዳድ ማለት ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የሴትዮዋን ጥርስ እያየሁ ነበር።

ለጥያቄሽ፣ እኔ ብሆን ሰውየውን ስም አላወጣለትም። «ዩ ሃቭ ኤ ጉድ አፒታይት» (ጥሩ የምግብ ፍላጎት አለዎት) ለወንድ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ለሴት እሱንም እተዋለሁ፤ ስንት በላሽ ያልሻት ሊመስላት ይችላል። ስለ ሳህኑ አውሪ። «አይ አም ግላድ ዩ ላይክድ ዘ ፊሽ» (አሳውን ስለወደዱት ደስ ብሎኛል) በይና ዳጣ ጨምሪላቸው። እኚያ ሽማግሌ በማግስቱ ሲመጡ ያልኳቸው ይኼንኑ ነው። ባለቤታቸውም የዚያን ቀን ሾርባቸውን ጨረሱ።