ለደነደነ ትከሻ አሮማቴራፒ ማሳጅ፦ ዘይቱን ሳትጠይቂ አትተኚ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ለሚደነድን ትከሻና ለሚቆራረጥ እንቅልፍ አሮማቴራፒ ማሳጅ (ከተክል በወጣ መዓዛማ ዘይት መታሸት) ይጠቅማል ወይ? ቅዳሜ ከመሄድሽ በፊትስ ምን ታዘጋጂ?

ይጠቅማል፣ በልኩ። ጡንቻውን የሚያላላው እጅ ነው፤ ሽታው ጭንቀትን ያበርዳል፣ በተለይ ላቬንደር (ሐምራዊ አበባ ያለው መዓዛማ ተክል) ለእንቅልፍ ይረዳል። የወር አበባ ቁርጠት የሚቀልላቸውም አሉ። ትከሻሽ ግን ተፈትቶ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነው፤ ወንበርሽ ካልተስተካከለ ተመልሶ ይደነድናል። «ከሰውነት መርዝ ያወጣል» ሲሉሽ እለፊው፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ላይ ነው። መዓዛማው ዘይት ብቻውን ቆዳ ላይ አይፈስም፤ ያቃጥላል። ልኩ በ30 ሚሊ ሊትር (ሁለት የሾርባ ማንኪያ) ተራ ዘይት 12 ጠብታ ነው፤ ቆዳሽ ስስ ከሆነ 6 ይበቃል። ለአንቺ ላቬንደር 8፣ ባሕር ዛፍ 3፣ ጠጅ ሳር 1 ጥሩ ነው። ጠጅ ሳር ሲበዛ ቆዳ ያስቆጣል፣ ስለዚህ በእሱ አትለግሺ። ማቅጠኛው የተጣራ የሰሊጥ ዘይት ቢሆን ይሻላል፤ እኛ አገር ሰሊጥ ቅርብ ነው፣ ኑግ ደግሞ ሽታው ያይላል። ሰሊጥ አለርጂ ካለብሽ የወይራ ዘይት ይዘሽ ሂጂ።

ገበያ ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠውን ለመፈተን አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣይና እስከ ማግስቱ አቆዪው። ላቬንደርና ባሕር ዛፍ ንጹሕ ከሆኑ ተነው ይጠፋሉ፤ ዳር ዳሩ የወዛ ክብ ከቀረ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ሰው ሠራሽ ሽቶን ግን ይህ ፈተና አይለይም፤ የተክሉ ስም ያልተጻፈበትን፣ በፕላስቲክ የተሞላውን አትግዢ።

ሐሙስ ማታ የተደባለቀውን ከክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀቢና 24 ሰዓት ጠብቂ። ከቀላ ወይም ካሳከከ ያ ድብልቅ ለአንቺ አይደለም።

ድብልቁ ከልጣጩ የተጨመቀ የሎሚ ወይም የቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ ፍሬ) ዘይት ካለበት የተቀባው ቆዳ ቢያንስ 12 ሰዓት ፀሐይ አይንካው፤ ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ያለንባት ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፣ ፀሐይዋ በደመና ቀንም አትራራም። ቀጠሮሽን ከቀኑ 11 ሰዓት አድርጊው።

የዕለቱ ነገር ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ግን በዚያው ቀን ፀጉር አትላጪ፣ ቆዳሽንም አትፈግፍጊ፤ ዘይቱ ያቃጥልሻል። ወይባ ጢስ ከዚያ ጋር አይደረብ። ጾመኛ ብትሆኚም ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፣ ስትነሺ ያዞርሻል፤ ከበላሽ ሁለት ሰዓት ያህል ይለፈው። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ቤት ይቅሩ፣ የዘይት እድፍ በቀላሉ አይለቅም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ይዘሽ ከሄድሽ ላቬንደሩን የሚያሸተው የለም። ማተብሽን ማውለቅ ካልፈለግሽ ቀድመሽ ንገሪና በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉልሽ፤ ክሩ ዘይት ከጠጣ ለቀናት ያሳክካል። የኛ ምሽት ብርድ ስለሆነ ክፍሉ ይሙቅ፣ ዘይቱም ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይለብ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ።

ትኩሳት፣ ክፍት ቁስል፣ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ የሚያምሽ ከሆነ ቀጠሮውን ሰርዢ። የእግሩ እብጠት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ እንጂ ማሳጅ ቤት አይኬድም። ነፍሰ ጡር፣ አስም ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይተኛ።

ማሳጁ መሃል ላይ ከተቃጠልሽ አትታገሺ፣ አስቁሚ። መጀመሪያ በተራ ዘይት ጠርጎ ማንሳት ነው፣ መዓዛማ ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድምና፤ ሳሙናና ውሃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።