አለቃዬ የተገዛ ደረሰኝ መዝግቢ ይለኛል፤ እግዚአብሔርን ልጠብቅ ወይስ ስራ ልልቀቅ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አምስት ጥያቄ አለ። እኔ ግን አንዱ ላይ ነው የምቆየው። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው፣ እኔንም አላስቀምጥ ያለኝ እሱ ነው።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን 26 ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሶስት ዓመት ሰርታለች። የወንጌል አማኝ ናት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በመዘምራን ታገለግላለች። አለቃዋ ከጥቂት ወራት ወዲህ ዕቃ ያልተገዛበት ደረሰኝ እያመጣ "አስገቢው" ይላል። እስካሁን ሌላ ባልደረባዋ ነበር የሚያስገባው። እሱ አሁን ለቋል፤ የዚህ ወር የቫት ዲክላሬሽን፣ ማለትም ለገቢዎች የሚቀርበው የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ፣ እሷ እጅ ላይ ወድቋል። እናቷ "ዝም ብለሽ ስሪ፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል" አሏት። የጸሎት ጓደኞቿ ደግሞ "እምነት ካለሽ ነገውኑ ልቀቂ፣ እሱ በር ይከፍታል" አሏት። እሷ የምትጠይቀው፣ በእግዚአብሔር መታመን የቱ ነው ብላ ነው።

እኔ ሁለቱም አይደለም ባይ ነኝ።

ከእናትሽ ልጀምር። እግዚአብሔር ልብሽን ያያል፣ እሺ። የገቢዎች ኦዲተር ግን የሚያየው ፊርማሽን ነው። እናትሽ ምን እየጠየቁሽ እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም፣ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። ደረሰኙ ላይ "12 ሚሊ ፌሮ፣ ይህን ያህል ኩንታል" ተብሎ ተጽፏል። መጋዘን ግን አንድም ዘንግ አልገባም። የዕቃ መረከቢያ የለም፣ የመጋዘኑ የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም፣ ለሻጩ የወጣ ቼክም የለም። አንቺ ስታስገቢው ድርጅቱ ከደንበኛ ሰብስቦ ለመንግስት ሊከፍለው ከሚገባው ላይ በዚያ ደረሰኝ ላይ ያለውን 15 በመቶ ይቀንሳል፣ ወጪውም ስለሚያብጥ የትርፍ ግብሩ ያንሳል። ኦዲቱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ መረከቢያው የታለ፣ ክፍያው በየት ሄደ ይባላል። አለቃሽ "እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሂሳብ አላውቅም፣ የሰራችው እሷ ናት" ቢል አይድነቅሽ። በታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ በ983/2008፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የረዳም ይጠየቃል። "ታዝዤ ነው" የምትይው ለፖሊስ ነው፣ ያውም የሚሰማሽ ከተገኘ።

ስለዚህ አታስገቢው። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ይህን ለማለት አማኝ መሆንም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእናትሽ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያሳስቡኝ። አርብ ስራ ለቅቄ ሰኞ በእጥፍ ደመወዝ ተቀጠርኩ የሚል ምስክርነት ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ደግሞም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ለቅቆ ዘጠኝ ወር ቤት የተቀመጠው፣ ለታክሲ ከታናሽ እህቱ የሚበደረው፣ እሱን ማን ማይክ ሰጠው? እሱም እኮ ታምኖ ነው የለቀቀው። መድረክ ላይ የሚወጣው የተሳካለት ብቻ ሲሆን፣ ወጣቱ እምነት ማለት አምላክን በቀጠሮ ማስያዝ ይመስለዋል። ቀጠሮው ሲያልፍ ደግሞ ወይ ራሱን ይረግማል ወይ እምነቱን ይተዋል። ምክር ፍለጋ እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ እዚያ ደርሰው ነው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አንቺ የወንጌል አማኝ ነሽ፣ እሳት ውስጥ የተጣሉትን የሦስቱን ልጆች፣ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኛ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ድረስ ሄደን እናከብረዋለን። ሁሉም የሚያስታውሰው እሳቱን ያበረደውን መልአክ ነው። መልአኩ ሳይመጣ በፊት ልጆቹ ለንጉሡ ያሉትን አንብቢው፣ ዳንኤል 3። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለው ደግሞ ባያድነን እንኳ አንሰግድም አሉ። መጨረሻውን አያውቁትም ነበር። አንቺም አታውቂውም። እምቢ የምትዪው የተሻለ ስራ እንዲሰጥሽ ከሆነ ንግድ ገብተሻል፣ ንግዱ ደግሞ ላይሳካ ይችላል። እምቢ የምትዪው ነገሩ ውሸት ስለሆነ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቢከብድም ግራ አያጋባሽም።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ኤርምያስ 29፥11ን፣ "የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም" የሚለውን፣ ጠቅሰሻል። መቼም ግድግዳው ላይ ያልሰቀለው ሰው የለም። ምዕራፉን ግን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው፤ የሚነግራቸውም ሰባ ዓመት እዚያው እንደሚቆዩ ነው። ቤት ስሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላቸዋል። ሻንጣችሁን አዘጋጁ አላላቸውም።

ሌላም አለ። ቀራጮች፣ የዚያን ዘመን ግብር ሰብሳቢዎች ማለት ነው፣ ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ጠይቀውት ነበር፣ ሉቃስ 3 ላይ። ስራችሁን ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ለአንቺም የምለው ይኸው ነው። መጀመሪያ እምቢ የምትዪው ደረሰኙን ነው፣ ስራውን አይደለም።

እንዴት? በጽሑፍ። አለቃሽ ቢሮ ገብተሽ እያለቀስሽ "እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰራም" እንዳትዪ። እሱ የሚሰማው "እኔ ካንተ እሻላለሁ" የሚለውን ነው። ማን ያውቃል፣ እሱም የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ምክንያትሽ እምነትሽ ይሁን፣ የምትናገሪው ግን በሙያሽ ቋንቋ ይሁን። ኢሜይል ካላችሁ በኢሜይል፣ ከሌላችሁ በወረቀት ሁለት ኮፒ፣ እንዲህ በይ፦ "የቀረቡልኝ ደረሰኞች የዕቃ መረከቢያና የክፍያ ማስረጃ ስላልተያያዘባቸው ማስገባት አልቻልኩም። ማስረጃው ሲሟላ እመዘግባለሁ።" በቃ። ሌባ አላልሽውም። ለገቢዎች እናገራለሁ ብለሽ አላስፈራራሽውም። የትኛውም ደህና አካውንታንት የሚጠይቀውን ነው የጠየቅሽው። አንዱን ኮፒ ቤትሽ አስቀምጪ። የድርጅቱን ሌላ ሰነድ ግን ፎቶ እያነሳሽ አትውጪ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ከዚያስ? አንዳንድ አለቃ ዝም ይላል፣ ደረሰኙንም ይዞ ይሄዳል። የሚያዝዘው ሰው ስለማይጠይቅ ብቻ ሲያዝዝ የነበረ ብዙ ነው። አንዳንዱ የውሸት መረከቢያ አሰርቶ ይመለሳል፤ ያኔ ስቶር ኪፐሩን ጠይቂው፣ ብረቱ ከሌለ የለም፣ ግልጹን እምቢታም ያኔ በቃልሽ ትናገሪያለሽ። አንዳንዱ ደግሞ ያባርርሻል። ወንጀል አልሰራም ስላልሽ ማባረር በሕግ አያስኬደውም፣ ክርክሩ ግን ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ለዚህኛው ተዘጋጅተሽ ነው ደብዳቤውን የምትሰጪው። የስራ ልምድ ደብዳቤሽን ዛሬውኑ ጠይቂ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ ሰራተኛ ሲጠይቅ ሊሰጠው ይገባል፣ ያለ ክፍያ። ከተጣላችሁ በኋላ ለማግኘት ስትሞክሪ ማህተም የያዘችው ልጅ ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ ናት።

አሁን ብሩ ላይ እንምጣ፣ ምክንያቱም ክርስቶስም ግንብ ሊሰራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያስላ ብሏል፣ አንቺ ደግሞ አካውንታንት ነሽ። እጅሽ የሚገባው 14,000 ብር ነው። ቤት ኪራይ ከጓደኛሽ ጋር ተካፍለሽ 4,500፣ ሆሳዕና ላሉት እናትሽ 3,000፣ ለወንድምሽ 1,500፣ አስራት 1,400፣ የቀረው 3,600 ለምግብና ለትራንስፖርት። የቆጠብሽው 22,000 ነው። ገቢ ከቆመ አስራቱ አብሮ ይቆማልና ወጪሽ በወር 12,600 ይሆናል፤ ሁለት ወር እንኳ አይሞላሽም። ወንድምሽን ካወጣሽ ሁለት ወር ሊሞላሽ ጥቂት ነው የሚቀረው። ራስሽ ከለቀቅሽ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ነው የምትወጪው። በዚያ ወር ደመወዝ አለሽ፣ ያልወሰድሽው ዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልሻል። ወደ ሶስት ወር ተጠጋሽ ማለት ነው።

ስለ ወንድምሽ ግን ዝም አልልም። 24 ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ዓመት ተመርቋል፣ "በሙያዬ ካልሆነ አልሰራም" ይላል ብለሻል። በሙያው እስኪያገኝ ድረስ አንቺ ነሽ በሙያሽ እስር ቤት ደጃፍ የምትቆሚለት? እናትሽ የሚያከራዩት ሁለት ሰርቪስ ቤት አላቸው፣ አንቺ ራስሽ ጽፈሻል። የአንቺ 3,000 ይረዳቸዋል እንጂ ያለሱ አይራቡም። ቤተሰብ መርዳት ክብር ነው። ነገር ግን "ዝም ብለሽ ስሪ" የሚለው ምክር ከምትልኪላቸው 4,500 ብር ጋር እንደተያያዘ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እነሱም ያውቁታል። ከመወሰንሽ በፊት ደውለሽ "ለሶስት ወር ላልልክ እችላለሁ" በያቸው። ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው።

ወዴት ልሂድ ላልሽው፣ እኔ የማዳላለት አለኝ፣ ኦዲት ድርጅት። እኔም የመጣሁት በዚያ በኩል ስለሆነ አድልዎዬን ታውቂልኝ። ለጀማሪ ኦዲተር የሚከፈለው አሁን ከምታገኚው ሊያንስ ይችላል፣ በግብር ወቅት ምሽት ድረስ መስራት አለ፣ ክፍለ ሀገር ለቆጠራ መላክ አለ። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የብዙ ድርጅት መዝገብ ታያለሽ፣ "መረከቢያው የታለ" ማለት ጠብ ሳይሆን የቀን ስራሽ ይሆናል። በ2006 ከወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ወዲህ ሙያው የሚቆጣጠረው ቦርድ አለው፣ በአይኤፍአርኤስ፣ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ሪፖርት የሚሰራ ሰው ይፈለጋል። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካውንታንት የሙያ ፈተና መጀመር ከቻልሽ ጀምሪ፤ ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ግን አንድ ፈተና በአንድ ጊዜ። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብ የመጀመሪያ መርህ ሐቀኝነት ነው፣ ሁለተኛ ቋንቋ አይሆንብሽም።

"የክርስቲያን ድርጅት ብቻ ነው የምፈልገው" ያልሽውን ግን እንደገና አስቢበት። ማህተሙ ላይ መስቀል ስላለ ሂሳቡ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ለመስክ ስራ የወጣ አበል ላይ ያላደሩበትን ሆቴል ደረሰኝ ሲያያይዙ ያየሁት ጠዋት በጸሎት በሚጀመር ቢሮ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ምክንያቱም አለቃሽ መንፈሳዊ መሪሽም ነው። አመልክቺ፣ ግን እዚያ ብቻ አታመልክቺ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። እሁድ ቆጠራ ስላስገቡሽ፦ ሕጉ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት ይሰጥሻል፣ በተቻለ መጠንም እሁድ ይሁን ይላል፤ በዓመት አንዴ ከሆነ ግን ለዚህ አትጣዪ፣ ጉልበትሽን ለደረሰኙ ቆጥቢ። አስራት ተበድሬ ላውጣ ወይ ላልሽው፣ አትበደሪ፣ የቀረውን መጋቢሽን ጠይቂ። ዱባይ ያለችው አክስትሽ "በቪዚት ቪዛ ነይና ስራ ትፈልጊያለሽ" ያለችሽን ለአሁኑ ተይው፤ የቲኬቱ ዋጋ ብቻ ያለሽን ቁጠባ ይጨርሰዋል።

ሲቪሽን አይቼዋለሁ። "ታታሪና ታማኝ" የሚለውን የመጀመሪያ መስመር አውጪው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ምን እንደምትሰሪ፣ በወር ስንት ዲክላሬሽን እንደምታዘጋጂ፣ የስንት ባንክ ሂሳብ ሪኮንስሌሽን (መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) እንደምትሰሪ በቁጥር ጻፊ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩሽና "ለምን ለቀቅሽ?" ሲሉሽ የድሮ አለቃሽን ስም አታንሺ፤ "ማስረጃ በሌለው ደረሰኝ ላይ ስላልተስማማን" በይ። ኦዲት ድርጅት ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅሽም። ዲክላሬሽኑ የሚቀርብበት ቀን ስለተቃረበ ደብዳቤውን እስከ ሐሙስ አስገቢ፣ ከዚያ የተስተካከለውን ሲቪ መልሰሽ ላኪልኝ።