ስለ አገራችሁ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለምትጽፉ ወጣቶች

በቅርቡ ደብረ ብርሃን የምትማር አንዲት ወጣት ስለ ኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ጽሑፍ ማዘጋጀት መጀመሯን ገልጻ፣ «ሚዛናዊ እንዲሆን ለስኬቱም ለውድቀቱም እኩል ገጽ ልስጥ ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። አጭሩ መልሴ «አይደለም» የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ግን ለእርሷ ብቻ መስጠት አልፈለግሁም፤ ጥያቄዋ ለዓመታት ይዤው የኖርሁትን ቁጭት ቀስቅሶብኛልና።

ልንገራችሁና፣ የዛሬ ወጣቶች በዚህ ጉዳይ ለሁለት የተከፈላችሁ ትመስሉኛላችሁ። አንዱ ወገን አክሱምንና ላሊበላን ጠርቶ ዓለምን ሁሉ ቀድመን ነበር ይላል፤ ሌላው ደግሞ እኛ ምን አለን ብሎ ነገሩን ገና ሳይጀምር ይዘጋዋል። ሁለቱም ከወንበር ሳይነሡ የሚጻፉ ናቸው።

ሰሜን ሸዋ ያለውን ሞረትና ጅሩን የምታውቁት በሰንጋውና በስንዴው ይሆናል፤ እኔ ግን የማውቀው መረሬ በሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈሩ ነው። መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ አቁሮ የሰብሉን ሥር ያፍናል፤ ስለዚህ በብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ይዘራል። በዚያው ወረዳ ያሉ የእነዋሪ ገበሬዎች ግን ከማንም ሳይማሩ ሌላ ዘዴ ይዘው ቆይተዋል። አባወራው በበሬ ፈር ካወጣ በኋላ ሴቶችና ልጆች አጎንብሰው ከፈሩ ውስጥ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ግራና ቀኝ ባለው መደብ ላይ ያወጡታል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ዘሩም ከፍ ባለው መደብ ላይ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጣቢያ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢልካ፣ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ይህንኑ መደብና ቦይ በበሬ ጉልበት የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ተያይዞ አፈሩን ወደ መካከል የሚገፋ የብረት ክንፍ ተገጠመለት፤ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያወጣል። በግብርና ሰዎች ዘንድ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቢቢኤም፣ ማለትም ሰፊ መደብ አውጪ፣ የሚባለው እርሱ ነው።

በሥራ ምክንያት እዚያ አካባቢ በነበርሁበት አንድ ክረምት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጭቃ ስትዝቅ የኖረች አንዲት እናት መሣሪያው ሲሞከር ከዳር ቆማ ታይ ነበር። እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ በጥቁር ጭቃ ተለስነው፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ፣ በሬዎቹ ዞረው እስኪመለሱ ዝም አለች። ከዚያ «እትዬ፣ እንዴት አዩት?» ብላት፣ «የእኔን ወገብ ያሳርፋል ልጄ፤ የበሬዬን ጫንቃ ግን ይልጣል» አለችኝ። ቀጥላም የእጅ ሥራውን ማሞጋገስ ለጀመረው ለአንድ ባልደረባችን፣ ቁርጥማቷን ያላየ ሰው እንዲህ ብሎ ማመስገኑ እንደማይገርማት ነገረችው። ከዚያ በኋላ ካነበብኋቸው የግምገማ ሪፖርቶች መካከል ይህን ያህል ሁለቱንም ወገን በሁለት ዓረፍተ ነገር የጨረሰ አላጋጠመኝም። የመሣሪያው ክብደትና ዋጋ በኋላም ገበሬዎች ደጋግመው ያነሡት ቅሬታ ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ በዓል በሚያሳትመው መድበል ውስጥ ስለ እርሻ መሣሪያዎች ምዕራፍ እንድጽፍ ጠየቀኝ። የእነዋሪን ሴቶች ከመነሻው አደረግኋቸው፣ የበሬውንም ጫንቃ ጻፍሁ። ረቂቁ ሲመለስልኝ የመጀመሪያው ክፍል ዳር ላይ «ይህ ባህል እንጂ ቴክኖሎጂ አይደለም» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል፤ ቅሬታው ያለበት ገጽ ደግሞ «ለበዓል አይመችም» ተብሎ ወጥቷል። መጽሐፉ ሲታተም መሣሪያው ከሰማይ የወረደ፣ እንከንም የሌለበት ሆኖ ወጣ። ዛሬ ያንን መድበል እየጠቀሱ የሚጽፉ አሉ፤ የእውነቱ ምስክር የነበሩት እናቶች ግን አብዛኞቹ አልፈዋል።

ስለዚህ ሚዛን ማለት ነገሩ ከማን እጅ ተነሣ፣ ማንን ጠቀመ፣ ማንን አደከመ፣ ቆየ ወይስ ቀረ የሚሉትን ጥያቄዎች አንዱንም ሳይዘሉ መመለስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን እነዚህኑ ቀንድ አውጣዎች ለመዋጋት በር ከፍቷል። ክብሩ የእርሳቸው ነው፤ እንዶዱን ቀጥቅጠው ያጥቡበት የነበሩትን ሰዎች የማይጠቅስ ታሪክ ግን ጎደሎ ነው። በእኛው ደጋ አፈሩን በፋንድያ ከምሮ አጋይቶ ገብስ መዝራትም እንደዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ያምራል፣ አፈሩ ግን ከብስባሽ ያገኘውን ለምነት አጥቶ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። ኋላቀርነት ብላችሁም ጥበብ ብላችሁም ብቻ አትለፉት።

ማስረጃ የሌለውን ነገር አትጻፉ እላለሁ ሁልጊዜ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የተተከለ የውኃ ወፍጮ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ስላሉት እንደቆመ የጻፉልን ግን የውጭ ተጓዦች ናቸው፤ የካህናቱን ቃል በካህናቱ ብዕር አላነበብነውም፤ እንግዲህ የተጻፈውም ብቻውን አያስተማምንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችውን የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ስትጽፉም አብዛኛውን ወጪ ቻይና መሸፈኗን ጻፉ፣ መረጃውን ተቀብለው ይተነትኑ የነበሩትን ወጣት ኢትዮጵያውያንንም አትርሱ።

ለጠያቂዬ የምጨምረው ይህን ነው፦ ወደ ጅሩ በክረምት ሂጂ፤ በበጋ የምታይው ክምሩን ብቻ ነው። ስትጠይቂ ደግሞ አባወራው በተቀመጠበት ሴቶቹን አትጠይቂ፤ መልሱን እርሱ ይነጥቃቸዋል። አብረሽ ጭቃ እየዛቅሽ ጠይቂያቸው፣ ስልክሽንም ኪስሽ ውስጥ አድርጊው፤ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቃላቸውን እንዳለ ጻፊው።