ሻዬ ለምን ይደፈርሳል?

ጥያቄ፦ ሙቀት ሲጠና ቀዝቃዛ ሻይ እወዳለሁ። ጠንከር አድርጌ አፈላና ሲበርድ ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ። ሳወጣው ግን ደፍርሶ ይጠብቀኛል። ምሬቱም ስኳር ካልበዛበት አያስጠጣም። ሰው ሳይፈላ፣ እንዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይሠራል ሲል ሰማሁ። እውነት ያለ እሳት ጣዕም ያወጣል?
ሻይ ወዳዷ አንባቢያችሁ

መልስ፦ ያወጣል! እኔ በሞቃቱ ወራት ከዚህ ሌላ ሻይ አያምረኝም።

ስለ ድፍርሱ ግን አይስጉ፤ ሻይዎ አልተበላሸም። ጥቁር ሻይ በፈላ ውሃ ሲዘጋጅ ካፌይኑም፣ ቀለምና ጥንካሬ የሚሰጡት ፖሊፌኖሎችም በብዛት ይወጣሉ። ውሃው ትኩስ እያለ ሟሙተው ይቆያሉ። ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ ይያያዙና ደቃቅ ብናኝ ይሆናሉ። ድፍርስ አድርጎ የሚያሳየው ይኸው ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ ዓይንዎ እያየ ጥርት ይላል። ሻዩ በጠነከረ ቁጥር ድፍርሱም ይብሳል።

ቀዝቃዛ ውሃ ግን የሚያወጣውን ይመርጣል። ለሻይ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ጣዕም የሚሰጡት አሚኖ አሲዶች፣ በተለይ ቴአኒን፣ ያለ ሙቀትም በደንብ ይወጣሉ። ምሬት የሚያመጡት ካቴኪኖችና ካፌይን ግን እሳት ካላገኙ ቀስ እያሉ፣ ያውም በጥቂቱ ነው የሚወጡት። በቀዝቃዛ ውሃ ያደረ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለ1 ሊትር ውሃ ከ8 እስከ 10 ግራም ቅጠል ይበቃል። ሚዛን ከሌለዎት በከረጢት የታሸገውን ይጠቀሙ፤ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም ገደማ ስለሚይዝ 4 ወይም 5 ያድርጉ። ዕቃው የመስታወት ቢሆን እመርጣለሁ፤ የትናንት ሽታ አይዝም። ክዳን የግድ ያስፈልገዋል፤ ሻይ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባልና። ውሃውን ሲጨምሩበት ቅጠሉ መጀመሪያ ላይ ይንሳፈፋል። አይረበሹ፣ አያማስሉትም፤ ይተዉት። ቆይቶ ውሃ ሲጠጣ አንድ በአንድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከየቅጠሉም ቀጭን ወርቃማ ክር እየተሳበ ሲወጣ ያያሉ። እኔ ይህችን ሳላይ የፍሪጁን በር አልዘጋም።

ፍሪጅ ውስጥ አረንጓዴ ሻይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ጥቁር ሻይ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል፤ ማታ ዘፍዝፈው ቢተኙ ጠዋት ይደርሳል። ከዚያ ያጥልሉት። ቅጠሉን ግን አይጭመቁት፤ ጨምቀው የሚያገኙት ጭላጭ ምሬትና ዝቃጭ ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀ ሻይም ለዚህ አይሆንም፤ ቶሎ ይወጣና ጠንከር ይላል፣ ከማጥለያው እያመለጠም ታች ይዘቅጣል። ሙሉ ቅጠል ካገኙ እሱን ይያዙ።

አንድ ነገር አደራ፦ እዚህ አሠራር ውስጥ ውሃው የሚፈላበት ቦታ የለም። ስለዚህ የሚጠጣ ንጹህ ውሃ መሆን አለበት። ከተጠራጠሩ አስቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሻይ ቅጠሉን በውሃ ሞልታ ፀሐይ ላይ ታውለዋለች። ቶሎ ይደርሳል፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጓደኛዎን ይህን ልማድ እንድትተው በፍቅር ይምከሯት። ፀሐይ ውሃውን ያሞቀዋል እንጂ ጀርም አይገድልም። ባክቴሪያ እንደ ልቡ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መሃል ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሻይም ሰዓታት የሚያሳልፈው እዚያው መሃል ላይ ነው። ቅጠሉ ራሱ ከማሳ የመጣ ነገር ነው፤ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ጣዕሙ ጥሩ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ዝልግልግ ያለ ወይም ክር የሚስብ ሻይ ካየችማ ትድፋው። ወይ በደንብ ይፍላ፣ ወይ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። መሃል ቤት መንገድ የለውም።

እግረ መንገዴን፦ እንደ ካሞሚል ያሉ የደረቁ ዕፅዋትን በቀዝቃዛ ውሃ ባይዘፈዝፉ እመክራለሁ። እነሱን በፈላ ውሃ አዘጋጅተው ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛ ሻይ ላይ ስኳር አልሟሟ እያለ ታች ይቀመጥብኛል። ሎሚስ መቼ ልጨምር?

መልስ፦ ስኳሩን ሽሮፕ ያድርጉት። አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ እሳት ላይ ያማስሉ፤ እንደሟሟ ያውርዱና ያቀዝቅዙት። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው የፈለገውን ያህል ይጨምራል። ከማጣፈጥዎ በፊት ግን አንዴ ባዶውን ይቅመሱት፤ ለምልክት ያህል ብቻ ሳይበቃዎት አይቀርም። ሎሚውን ብርጭቆ ላይ፣ ሊጠጡ ሲሉ ይጭመቁት። ጥቁሩ ሻይ ወዲያው ፈካ ሲል ካዩ አይደንግጡ፤ የሎሚው አሲድ የሻዩን ቀለም ይቀይረዋል። በረዶ ሻዩን እንዳያቀጥንብዎ ደግሞ ከዚያው ሻይ ቀንሰው በበረዶ መሥሪያው ያቀዝቅዙ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ደም ማነስ አለባት፤ እንቅልፍም አይወስዳትም። ይህን ሻይ ትጠጣ?

መልስ፦ ካፌይኑ ከፈላው ሻይ ያንሳል እንጂ አልጠፋም። እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው ከሰዓት በፊት ቢሆን ይሻላል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያውካል፤ በተለይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን። ስለዚህ ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት ይራቅ። ሐኪም የብረት ኪኒን አዝዞላት ከሆነም ኪኒኑን በሻይ አትዋጥ። ሻዩ ከተጠለለ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን፣ ቢበዛ 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ የሰነበተውን ይድፉት።