ብርቅዬ ሳላማንደር ለማጥናት ለምትነሱ ልጆች

ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል፣ ግን የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚኖር ሳላማንደር የለም። ስለዚህ ይህ እንስሳ የሳባችሁ ልጆች ሥራችሁ የሚጠብቃችሁ እንደ ጓቲማላ ባሉ አገሮች የደመና ደን፣ አለዚያም በሙዚየም የአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ነው።

ብዙዎቻችሁ የስርጭት ካርታ ለመሥራት ትቸኩላላችሁ። መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎች በአንድ ስም ከተመዘገቡ ስርጭቱ ሰፊ ይመስላል፣ የእያንዳንዳቸው አደጋም ይሸፈናል።

ከአፍንጫ ቀዳዳው እስከ ላይኛው ከንፈር የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ፣ እንስሳው ሳንባ የለሽ የሆነው የፕሌቶዶንቲዴ ቤተሰብ አባል ነው፤ የሚተነፍሰው በቆዳውና በአፉ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ቀጥሎ በጎኑ ቁልቁል የወረዱትን ቦዮች ቁጠሩ። ቦሊቶግሎሳ የተባለው ወገን 13 አለው፣ ቀጭኑ የኤዲፒና ወገን ግን 17 እና ከዚያ በላይ። ቁመት ስትለኩ ጅራቱን ተዉት፤ ተቆርጦ እንደገና ስለሚበቅል ያሳስታል። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ፊንጢጣው ለኩ፣ እስከ ፊንጢጣው የፊት ጠርዝ ይሁን እስከ ኋላኛው መጻፍ ግን አትርሱ። ይህ ባለመጻፉ ብቻ የሁለት ሰዎች ልኬት አይገጥምም። ቀለም በአልኮል ውስጥ ስለሚጠፋ በሕይወት ሳለ ጀርባውንም ሆዱንም ፎቶ አንሱት። ለዘረመል የሚሆነውን ሥጋ ፎርማሊን (በድን ማቆያ ኬሚካል) ሳይነካው ቆርጣችሁ 95 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) ውስጥ ክተቱ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ገላው በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ከጠነከረ በኋላ ወደ 70 በመቶ ኤታኖል ይዛወራል። ከእናት ብቻ በሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዘረመል ልዩነት ብቻ አዲስ ዝርያ አታውጁ።

ከባዱ ስርጭቱ ነው። የድሮ መለያ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ሰብሳቢው ያደረበትን መንደር እንጂ እንስሳው የተገኘበትን ደን አይደለም። ተራራ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ ሌላ አየር ነው፣ ምናልባትም ሌላ ዝርያ። የእናንተ መዝገብ መጋጠሚያውን (ኬክሮስና ኬንትሮሱን)፣ ከፍታውንና በሜትር የተገመተ የስህተት መጠኑን ይያዝ። በካርታው ላይ ደኑን ሁሉ ቀለም መቀባት ስንፍና ነው፤ ለአይዩሲኤን (ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) ግምገማ ካርታውን በ2 በ2 ኪሎ ሜትር ካሬዎች ከፍላችሁ እንስሳው የተገኘባቸውን ብቻ ቁጠሩ። ድምሩ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ማነሱ ብቻውን «እጅግ ለአደጋ የተጋለጠ» አያሰኝም፤ እንደ መኖሪያው መመናመንና በአንድ ቦታ ብቻ መወሰኑ ያሉ ማስረጃዎችም ይጠየቃሉ።

ስላላገኛችሁት ጠፋ አትበሉ። ቦሊቶግሎሳ ጃክሶኒ የተባለው ዝርያ በ1975 እ.ኤ.አ. በጓቲማላ ኩቹማታኔስ ተራሮች ተገኝቶ በ1984 እ.ኤ.አ. ስም ወጣለት። ከተገኘበት ከ1975 ወዲያ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የጥብቅ ስፍራው ጠባቂ እስኪያገኘው ድረስ 42 ዓመት ያየው አልነበረም። ባዶ የወጣ ሌሊትም በሰው ሰዓት (የፈላጊዎቹ ቁጥር በሰዓቱ ተባዝቶ) ተሰልቶ ይመዝገብ። በእርጥብ ሌሊት ቅጠሉን በባትሪ፣ ቀን ደግሞ የዛፍ ሽበቱን (ሞስ) እና የወደቀ ግንድ ልጣጭ ሥር ፈልጉ፤ ልጣጩን ወደ ቦታው መልሱት።

ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት አድርጉ፣ ጫማችሁንም ከደን ወደ ደን ስትሻገሩ በፀረ ተሕዋስ እጠቡ፤ የእንቁራሪትንና የሳላማንደርን ቆዳ የሚያጠቃው የኪትሪድ ፈንገስ በእናንተ እግር ይጓዛል። ትክክለኛውን መጋጠሚያ ለሙዚየሙ ስጡ፣ ለሕዝብ በሚወጣው ካርታ ላይ ግን አደብዝዙት፤ የእንስሳ ነጋዴዎችም ካርታ ያነባሉ።