መልስ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ካርታ ማስተማር ከየት ይጀመር?

ሰላም መምህር፤ ተማሪዎችዎ የኬክሮስን (በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ቦታን የሚለካ ዲግሪ) እና የኬንትሮስን (በምሥራቅና ምዕራብ የሚለካ) ትርጉም በቃላቸው ቢይዙም ካርታ ሲሰጣቸው ግራ እንደሚጋቡ ጽፈው፣ ከየት ልጀምር ብለዋል። እኔ የምጀምረው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ግቢውን በእርምጃ ለክተው በ1፡500 ስኬል ይሳሉት። 1 ሴንቲ ሜትር 5 ሜትር መሆኑን እግራቸው ከለካው አይረሱትም፤ በኋላ 1፡50,000 ካርታ ላይ ያው 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ሲሆን አይደናገሩም።

ኬክሮስንም ወደ ርቀት ይቀይሩላቸው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ከምድር ወገብ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ይህን ራሳቸው አስልተው ሲደርሱበት ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ልዩ ነው። (በኬንትሮስ ግን እንዲህ አያሰሏቸው፤ መስመሮቹ ወደ ዋልታ ሲሄዱ ይቀራረባሉ።)

ሉል ከተገኘ ግሪንላንድን በሉሉና በመርካቶር ካርታ (ክቧን ምድር ጠፍጣፋ አድርጎ ሲያሳይ ወደ ዋልታ ያሉ ቦታዎችን የሚያገዝፍ የዓለም ካርታ) ላይ ያስተያዩአቸው። በካርታው አፍሪካን የምታክል ትመስላለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ያህል ትበልጣታለች። ለምን እንደዚህ ሆነ ብለው ጠይቀው ይተዋቸው፣ ይከራከሩበት። የዋና ከተሞችን ስም መሸምደዱ ለኋላ ቢቆይ ምንም አይጎዳም።