ለቦረቦሩ ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ታቦር አካባቢ መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ ነው። ወላጆች ጉልበት አለን ይላሉ፤ ለጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ ለሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና ለችግኝ ግን ገንዘብ የለም። የማንን በር እናንኳኳ?

መልስ፦ መምህር፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ መጀመሪያ የማስበው የዓለም አቀፉን የአካባቢ ፋሲሊቲ (ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ተቋም ነው) አነስተኛ የእርዳታ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ይሠራል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው የእርዳታ ጣሪያ 50,000 ዶላር ነበር። ለግለሰብ አይሰጥም፤ በሕጋዊ ማኅበር ስም ያመልክቱ።

የወላጆቹን ጉልበት አደራ እንዳይረሱት! ድንጋይ የሚያነሱበት፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩበት ቀን ሁሉ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተተምኖ የእናንተ መዋጮ ሆኖ በማመልከቻው ውስጥ ይገባል። ይህ የማመልከቻው ክፍል ባዶ ሆኖ ሳየው ያንገበግበኛል፤ የሕዝብ ላብ እኮ ነው። ከብት እንዳይገባ ማን እንደሚጠብቅም ይጻፉ። ችግኝ እንተክላለን ማለት ብቻውን ማንንም አያሳምንም።

የመማሪያ ክፍል መገንባት ካሰባችሁ ደግሞ የጃፓን ኤምባሲን ይሞክሩ። ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝ አይሰጥም። ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይዘው ይቅረቡ።